ጎዶሎ ሊግ

አሮጌው ላፕቶፔ ውስጥ እስካሁን ያልሰረዝኳት አንዲት ፋይል አለች። ሁለት መቶ መስመር እንኳ አትሞላም። ሥራዋ ቀላል ነው፦ የክለቦችን ስም ትሰጧታላችሁ፣ የዓመቱን መርሐ ግብር ታወጣላችኋለች። ማን ከማን፣ በስንተኛው ሳምንት፣ ባለሜዳው ማን እንደሆነ። ዛሬ መሥሪያ ቤት ውስጥ እንዲህ ያለ ኮድ ባቀርብ መሳቂያ እሆናለሁ፤ ከስያሜዎቹ ግማሾቹ የኳስ ቀልድ ናቸው። የጻፋት ግን እኔ አይደለሁም። የዶርም ጓደኛዬ ነው።

ስሙን እዚህ አልጽፈውም። ግቢ ውስጥ ሁላችንም "ሰባ" ነበር የምንለው፤ የመቐለ 70 እንደርታ ደጋፊ ስለነበር። እኔ ደግሞ የጎንደር ልጅ ነኝ፣ የፋሲል ከነማ። ስለዚህ እሱ እኔን "አፄው" ይለኛል። ተደራራቢው አልጋ ላይ እሱ ከላይ፣ እኔ ከታች ነበርን።

በ2011 ዓ.ም. አራተኛ ዓመት ነበርን። የዚያ ዓመት ሊግ እስከ መጨረሻው ሳምንት ድረስ የለየለት አልነበረም፤ ለዋንጫው የሚተናነቁት ደግሞ፣ እንደ ፈረደብን፣ የእሱ ክለብና የእኔ ክለብ። ያኔ የሁለቱን ክልል ክለቦች አንድ ሜዳ ላይ ማገናኘት ራሱ ትልቅ ራስ ምታት ነበር። ግቢ ውስጥም "የየት ልጅ ነህ?" የሚለው ጥያቄ እንደ ድሮው የትውውቅ ጥያቄ መሆኑ ቀርቶ ነበር። እኛ ዶርም ግን ጠቡ የኳስ ብቻ ነው። ቢያንስ እኛ እንደዚያ እናስብ ነበር።

ውርርድ ገባን። ክለቡ ዋንጫውን ያጣ ሰው፣ ለአንድ ሳምንት ከታች ካለው ቧንቧ እስከ አራተኛ ፎቅ የሁለታችንንም ውሃ ይሸከማል። ግቢ የኖረ ሰው ይህ ምን ማለት እንደሆነ ያውቃል። ሃያ ሊትር ጀሪካን፣ አራት ፎቅ፣ ጠዋትና ማታ።

የመጨረሻውን ቀን በሬዲዮና በስልክ ተከታተልነው። አንዱ ጆሮው ላይ ሬዲዮ ይዟል፣ ሌላው ፌስቡክ ላይ ጽሑፉ እንዲመጣለት ገጹን ይጎትታል። ሲያልቅ መቐለ በአንድ ነጥብ በልጦ ሻምፒዮን ሆነ። በገብረመድኅን ኃይሌ አሠልጣኝነት፣ በታሪኩ የመጀመሪያው። ሰባ ከአልጋው ላይ ዘሎ ሲወርድ ሻንጣዬን ሰበረው። እኔ ጀሪካኔን አንሥቼ ወረድኩ።

ሦስት ቀን ተሸከምኩ። በአራተኛው ቀን ጠዋት ደረጃው ላይ ደርሶብኝ አንዱን ጀሪካን ተቀበለኝ። "ውርርዱስ?" አልኩት። "ባክህ ፍጠን፣ ክላስ አለብን" አለኝ። እላይ ስንደርስ ደግሞ እያለከለከ፣ "የሚቀጥለው ዓመት የናንተ ነው፤ ያኔ እኔ እቀዳለሁ" አለ።

የሚቀጥለው ዓመት የማንም አልሆነም። ኮቪድ ገባና የ2012 ውድድር ያለ ሻምፒዮን ተሰረዘ። እኛም የጂሲ ዓመታችንን አጋምሰን ወደየቤታችን ተላክን። እሱ ብርድ ልብሱንና መጽሐፎቹን ሎከሩ ውስጥ ቆልፎ መቐለ ሄደ። "ሁለት ሳምንት ቢሆን ነው" ተባብለን ነው የተለያየነው።

የመመረቂያ ፕሮጀክታችን የሊግ ማስተዳደሪያ ሲስተም ነበር። አራት ሆነን ነው የያዝነው። የደረጃ ሰንጠረዡ የእኔ ድርሻ ነው፤ መርሐ ግብር አውጪዋ የሰባ። መርሐ ግብር እንዴት እንደሚወጣ ለማያውቅ ሰው ነገሩ እንዲህ ነው። ክለቦቹን አንድ ረጅም ጠረጴዛ ግራና ቀኝ ፊት ለፊት አስቀምጧቸው። ፊት ለፊት የተያዩት በዚህ ሳምንት ይጋጠማሉ። ለሚቀጥለው ሳምንት አንዱን ክለብ ብቻ ከቦታው ሳታንቀሳቅሱ፣ የቀሩትን በሙሉ አንድ አንድ ወንበር ፈቀቅ እያደረጋችሁ አዙሯቸው። 16 ክለብ ካለ በ15 ሳምንት ሁሉም ከሁሉም ጋር ይገናኛል። ሁለተኛው ዙር ያው ነው፣ ሜዳ መቀያየር ብቻ። በድምሩ 30 ሳምንት፣ 240 ጨዋታ።

የክለቦቹ ቁጥር ጎዶሎ ከሆነ ግን አንዱ ፊት ለፊቱ የሚቀመጥ ያጣል። ሰባ ለዚህ የሚሆን ምንም አልጻፈም ነበር። በምትኩ ቁጥሩን ቼክ የምታደርግ መስመር አስገባ፤ ጎዶሎ ካገኘች ፕሮግራሟ ቀጥ ብላ ትቆምና አንድ መልእክት ታወጣለች። መልእክቷን በአማርኛ ነው የጻፋት፦ "ጎዶሎ ሊግ የለም።"

"ይሄ ስንፍና ነው" ብየው ነበር። "ሊጋችን 16 ነው፤ ለምን የሌለ ችግር እፈታለሁ?" አለኝ። እውነቱን ነበር።

ጥቅምት 24፣ 2013 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲጀመር የትግራይ ስልክ ተቋረጠ። እኛ ተመራቂዎች ወደ ግቢ ስንጠራ ሁሉም እየተንጠባጠበ መጣ፤ እሱ አልመጣም። ፍራሹ ተጠቅልሎ አልጋው ላይ ነበር፤ ሎከሩም እንደተቆለፈ ነው። ፕሮጀክቱን ስናቀርብ ሽፋኑ ላይ አራት ስም ነበር፣ የቆምነው ሦስት ነን።

ታኅሣሥ መጀመሪያ ላይ ሊጉ ተጀመረ። መቐለ 70 እንደርታ፣ ወልዋሎ ዓዲግራት ዩኒቨርሲቲ እና ስሑል ሽረ የሉበትም። ለዶርም ልጆች ውጤት የሚልክ የቴሌግራም ቦት ልሠራ ፈልጌ የሰባን ፋይል ከፈትኩና የክለቦቹን ስም አንድ በአንድ አስገባሁ። አዳማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ቡና፣ ፋሲል፣ ሐድያ ሆሳዕና፣ ሐዋሳ፣ ጅማ አባ ጅፋር፣ ጊዮርጊስ፣ ሰበታ፣ ሲዳማ ቡና፣ ወላይታ ድቻ፣ ወልቂጤ። አሥራ ሦስት። ኢንተር ስመታው ስክሪኑ ላይ አንድ መስመር ወጣ።

"ጎዶሎ ሊግ የለም።"

ላፕቶፑን ዘግቼ ወጣሁ። ያን ቀን ቦቱን አልሠራሁትም።

እንዲህም ሆኖ ያ ዓመት በኳስ ሕይወቴ እንደሱ የተደሰትኩበት የለም። ይህን ሳልናገር ባልፍ ውሸታም እሆናለሁ።

መጀመሪያ ነገር፣ የሀገራችን ሊግ በዲኤስቲቪ በቀጥታ መተላለፍ የጀመረው በዚያ ዓመት ነው። ዲኤስቲቪ ቤት ማለት ለእኛ የማንቼና የአርሴናል ቤት ነበር። ግቢው በር ላይ ያለው ቤት ባለቤት በመጀመሪያው ሳምንት ሪሞቱን ይዞ፣ "እስቲ የራሳችሁን ኑ እዩ" ሲል ግማሹ ሰው ስቋል። ከዚያ ዝም አለ። ለካ የእኛም ሰው በአምስት ካሜራ ሲታይ ያምራል። ጎል ሲገባ ተመልሶ ይታያል፣ ከወዲያ ማዶም ይታያል። ለዓመታት ያየነው በስልክ የተቀረጸ፣ ጎሉ ሲገባ የቀራጩ እጅ የሚንቀጠቀጥበት ቪዲዮ ነበራ።

ሊጉ እንደ ተጓዥ ነበር። በኮቪድ ምክንያት ክለቦቹ ሁሉ አንድ ከተማ ላይ ተሰብስበው ይጫወታሉ፣ ከዚያ ወደ ሌላው ያመራሉ፤ አዲስ አበባ፣ ጅማ፣ ባሕር ዳር፣ ድሬዳዋ፣ ሐዋሳ። ወንበሩ ባብዛኛው ባዶ ስለሆነ የአሠልጣኞቹ ድምፅ ጥርት ብሎ ይሰማል። "ውጣ! ውጣ!" "ጀርባህን እየው!" ቤቱ ውስጥ ያለነው ሰዎች ከስታዲየሙ እንበልጣለን እየተባባልን እንሥቅ ነበር። ቡድኔ በዓይኔ እያየሁት ሲያሸንፍ ከረመ፣ ግን አንድም ጨዋታ ጎንደር ላይ አላደረገም።

ከዚያ ደግሞ አቡበከር ናስር ነበር። የቡና ደጋፊ ያልሆነ ሰው እንኳ የቡና ጨዋታ ሲሆን ቀደም ብሎ ወንበር ይይዛል። ልጁ ያን ዓመት 29 ጎል አገባ። በ2009 ዓ.ም. ጌታነህ ከበደ በደደቢት ማሊያ የያዘው የ25 ጎል ሪከርድ ተሰበረ። አንድ ቀን ከጎኔ ከተቀመጠ የቡና ደጋፊ ጋር ሒሳብ ገጠምን። "ጌታነህ 25ቱን ያገባው 30 ጨዋታ ባለው ሊግ ነው፤ ያንተው ልጅ ያለው 24 ብቻ ነው፤ ይሄ በጨዋታ ከአንድ በላይ ነው" አልኩት፤ የእሱን ሰው ስላደነቅኩለት ደስ እንዲለው ብዬ።

"ሦስቱ ቢኖሩ ደግሞ ስድስት ጨዋታ ይጨመርለት ነበር" አለ። "በዚህ አያያዙ ሠላሳ አምስት ይገባ ነበር።" ሳቀና ወደ ስክሪኑ ተመለሰ።

በዚያ ሙሉ ዓመት፣ በዚያ ቤት ውስጥ ስለ ሦስቱ ክለቦች ሲነሣ የሰማሁት ያን ጊዜ ብቻ ነው። ሰውየው ክፋት አልነበረውም። እኔም ምንም አልጨመርኩበትም። የደረጃ ሰንጠረዥ እንዲህ ነው፤ ያለውን በተርታ ይጽፋል፣ ለሌለው መስመር የለውም። እኔ ራሴ ስሠራው የሌለ ክለብ የሚጻፍበት ቦታ አልሰጠሁትም።

ጥር ላይ ተመርቄ አዲስ አበባ ሥራ ያዝኩ። የመቐለ ስልክ በከፊል መሥራት ጀምሯል ሲባል በየቀኑ እደውል ነበር። አንድ የየካቲት ማታ ታክሲ ውስጥ ሆኜ ሳላስበው ጠራ።

"አፄው" አለኝ። ስልኬ ላይ ማን እንደደወለ ስሙ ስለሚወጣለት ነው፤ ለእኔ ግን ተአምር መሰለኝ። ታክሲውን ወራጅ ብዬ መንገድ ዳር ቆምኩ። ደህና ነኝ አለ። እናቱም ደህና ናቸው። ስለ ሌላው ስጠይቀው "ተወው አሁን" አለኝ። ከዚያ፣

"ሊጉ ስንት ሆነ?" አለ።

"አሥራ ሦስት።"

ትንሽ ዝም አለ። "ኮዴ እምቢ አለችህ አይደል?"

"እምቢ አለች።"

"አራፊ ጨምርበት። አሥራ አራተኛ አድርገህ ባዶ ክለብ አስገባ። ስም አትስጠው። እሱ የደረሰው ክለብ በዚያ ሳምንት ያርፋል። አምስት መስመር ናት፤ አንተ ግን ሃያ ታደርጋታለህ።"

ሳቅን። "ፋሲል እንዴት ነው?" አለኝ። ወደ ላይ ነው አልኩት። "ዋንጫውን ከበላችሁ ደውልልኝ። ጀሪካኑ የእኔ ነው።" መስመሩ ሲንኮሻኮሽ ቆየና ተቆረጠ።

እንዳለኝ አደረግኩ። ባዶ ክለብ አስገባሁና ፕሮግራሟ ሠራች፤ 26 ሳምንት፣ 156 ጨዋታ፣ በየሳምንቱ አንድ አራፊ። ቦቱም መሥራት ጀመረ። በየሳምንቱ መጨረሻ የሚልከው መልእክት ግርጌ ላይ "አራፊ፦ ሰበታ"፣ "አራፊ፦ ድቻ" እያለ ይጽፋል። ክለቦቹ ያረፉ ይመስላል። እኔ ግን እያንዳንዳቸው በየተራቸው ከዚያ ባዶ ወንበር ፊት ለፊት እንደሚቀመጡ አውቃለሁ።

ፋሲል ከነማ በሥዩም ከበደ አሠልጣኝነት የመጀመሪያውን የሊግ ዋንጫ አገኘ። ግንቦት ላይ ሐዋሳ ስታዲየም ዋንጫው ሲነሣ አዲስ አበባ አንድ ካፌ ውስጥ ከጎንደር ልጆች ጋር ሆኜ አየሁት። እናቴ ጋ ስደውል ድምፅዋ በመኪና ጡሩምባ ተውጧል። "ይሰማሃል? ከተማው አብዷል!" ትለኛለች። አልቅሻለሁ፣ አላፍርበትም። በ2011 በአንድ ነጥብ ያመለጠን ነው የመጣው።

ከዚያ ስልኬን ከፍቼ የሰባን ስም አወጣሁ። ጣቴ ስሙ ላይ ነበር።

አልደወልኩም።

ለራሴ የሰጠሁት ምክንያት ብዙ ነው። ጫጫታ ነው፣ አይሰማም። እሱ እዚያ በምን ሁኔታ ላይ እንዳለ ሳላውቅ በዚህ ሆይ ሆይታ መሐል ሆኜ "በላን" ልበለው? ክለቡ በሌለበት ሊግ? ደግሞ አብረውኝ ያሉት ልጆች ወዴት እንደምደውል ቢያውቁ ምን ይሉኛል? ይህ የመጨረሻው ምክንያት ለራሴም ቶሎ ያላመንኩት ነው፤ ግን ነበረ። ነገ ረጋ ብዬ እደውላለሁ አልኩ። ነገ ሥራ በዛብኝ። በሳምንቱ ደግሞ ያለፈ ነገር መሰለኝ፣ ሌላ ምክንያት ፈልጌ እደውላለሁ አልኩ። አምስት ሳምንት ያህል እንዲህ ሄደ።

ሰኔ 21 የመቐለ ስልክ እንደገና ተቋረጠ። ይህኛው አንድ ዓመት ተኩል ያህል ቆየ።

በ2014 ዓ.ም. ሊጉ ወደ 16 ክለብ ተመለሰ። የሦስቱ ቦታ በሌሎች ተሞላ። ከጉጉት የተነሣ የሰባን የመጀመሪያ ፋይል፣ ያልነካካሁትን፣ ከፍቼ አዲሶቹን ስሞች አስገባሁ። ምንም ሳይል ሠራ። 30 ሳምንት፣ 240 ጨዋታ። ስህተቱ የት ሄደ? ኮዱ ምን እንደሚያይ ያኔ ነው የገባኝ። የሚቆጥረው ቁጥር ብቻ ነው። ሙሉ ከሆነ አለቀ፤ ማን ሄዶ ማን እንደተተካ አይጠይቅም። ይህን ለሥራ ባልደረቦቼ ብነግራቸው "ታዲያ ስሙን ቼክ አድርግ" ይሉኛል። ልክ ናቸው። ግን እኔም እኮ ያን ጊዜ ከኮዱ የተሻልኩ አልነበርኩም። በዚያ ዓመት የሰባን ስም የማላስታውስባቸው ሳምንታት ነበሩ።

የፕሪቶሪያው ስምምነት ጥቅምት 2015 ተፈረመ። የመቐለ ስልክ ሲመለስ በመጀመሪያው ቀን ደወልኩ። አይሠራም። በሁለተኛው፣ በሦስተኛው ቀን አይሠራም። አንድ ጠዋት ሥራ ላይ እያለሁ ራሱ ደወለ።

ድምፁ ቀጥኗል። ብዙ "እህ" ይላል። ሰላምታው አልቆ ዝም ስንባባል እኔ ቀደምኩ፤ "በ2013 እኛ በላን" አልኩት፤ ከሁሉ ነገር መርጬ ይህን ማለቴ እስካሁን ያሳፍረኛል።

"አውቃለሁ" አለ። "ያኔ ሬዲዮ ሰምቻለሁ። መብራት ይጠፋ ስለነበር ጎረቤት ሄጄ ስልኬን ቻርጅ አድርጌ ነበር። ትደውላለህ ብዬ።"

ይቅርታ አልኩት። "አይ፣ ምንም አይደል" አለ። ምንም አይደል ሲል ምንም አይደል ማለቱ እንዳልሆነ አምስት ዓመት አብሮ የኖረ ሰው ያውቃል። አጎቱ ማረፋቸውን የነገረኝ ስንሰናበት ነው፣ እንደ ተራ ወሬ።

በ2017 ዓ.ም. ሦስቱ ክለቦች ወደ ፕሪምየር ሊጉ ተመለሱ። ዜናውን እንደሰማሁ ላኩለት። ከሁለት ቀን በኋላ "ጥሩ ነው" ብሎ መለሰ። ድሮ የአንድ የወዳጅነት ጨዋታ አሰላለፍ በአሥር መልእክት የሚተነትን ልጅ ነው። ሊጉ ላይ ክለቡ ተመልሷል፤ ደጋፊው ግን በዚያው ልክ አልተመለሰም። እሱን መርሐ ግብር አያወጣውም።

በዚያው ዓመት ለሥራ ፈተና አዲስ አበባ መጣና እኔ ጋ ሦስት ቀን አደረ። የምኖረው ኮንዶሚኒየም ሦስተኛ ፎቅ ነው። ውሃ በፈረቃ ነው የሚመጣው፤ በሁለተኛው ቀን ጠዋት ስነሣ ጀሪካኑ ከቦታው የለም። በሩን ስከፍት ሰባ ደረጃው ላይ ነው፤ በአንድ እጁ ጀሪካን፣ በሌላው ግድግዳውን ይዞ።

"ምን ሆነሃል አንተ፣ አምጣው" አልኩት።

"ዝም በል። ውርርድ ነው።" እያለከለከ አለፈኝና ኩሽና አስቀመጠው። "ይሄ የአንድ ቀን ነው። ስድስት ቀን ይቀርብኛል።"

"በቃ፣ ተከፍሏል" አልኩት።

"አልተከፈለም" አለ። ቁም ነገሩን ነው፣ አልሳቀም። "የቀረውን ሌላ ጊዜ ስመጣ እቀዳለሁ። አንተም የቀረብህን ታውቃለህ።"

ቡና አፈላሁ። ያን ማታ የድሮዋን ፋይል ከፍቼ አሳየሁት። እሱ "አምስት መስመር ናት" ያለኝን እኔ ሃያ ሦስት መስመር አድርጌያት ነበር፤ እሷን ሲያይ ሳቀ። ከዚያ ወደ ላይ ወጣና መልእክቷ ያለችበት መስመር ላይ ቆመ። "ይህቺን ለምን አልሰረዝካትም? አሁን እኮ ውሸት ናት" አለኝ።

"አንተ ነህ የጻፍካት፤ አንተ ሰርዛት" አልኩት።

ኪቦርዱን ትንሽ አየውና ላፕቶፑን ወደ እኔ ገፋው። መልእክቷ አሁንም እዚያው አለች።